የውሰት ሞስ

ባሕር ተሻግረሽ ለምትኖሪው፣ ከልቤ ግን ላልራቅሽው ለእህቴ ለፖሎና ይድረስ።

እንዴት ከርመሻል? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ያፍንሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ምንም አይደል» እያልሽ ተሸክመሽው ትዞሪያለሽ? ባልሽ ኤርኔስቶስ እንዴት ነው? ጉልበቱን ሻል አለው? ሉሲያ ትምህርቷ እንዴት ሆነላት? ትንሹ ቶማስ ጥርስ አወጣ? ቦነስ አይረስ አሁን ሐሩር ስለሆነ በረንዳ ላይ እንደምታመሹ እገምታለሁ። እኛ ጋ ብርዱ ገና አልወጣም። እማዬ ደህና ናት። ቅዝቃዜ ሲነካት ጣቶቿ ያብጣሉ እንጂ አፏም ጉልበቷም እንደነበሩ ናቸው። ላሟ ወልዳለች። እኔም ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ስልሽ ግን ተረጋግቻለሁ ማለቴ አይደለም። ተቆጥቻለሁ። ቁጣውም ተስማምቶኛል።

ባለፈው እሑድ «ፈርሚና ተገላገዪ፤ ለድንጋይ ሳር ብለሽ ስንት ዓመት የለፋሽበትን ሥራ ገደል ትከቻለሽ?» ስትዪኝ ስልኩን ጆሮሽ ላይ ዘጋሁት። ስለ ስልኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። በስልክ ንዴቴ ከቃሌ ይቀድማል፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ እጽፍልሻለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዘጠኝ ዓመትሽ ሳለ፣ ስላልሠራሽው ጥፋት ይቅርታ አልጠይቅም ብለሽ ሁለት ቀን ሙሉ ራት እንዳልበላሽ ረስተሻል? እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ጠረጴዛው ሥር ሆኜ አይሻለሁ። አልረሳሁትም።

ነገሩን በስልክ ግማሹን ብቻ ስለሰማሽ ከሥሩ ልንገርሽ። የእንጨት ድርጅቱ መንገድ ሊያወጣ የፈለገው በጨለማው ሸለቆ ውስጥ ነው፤ ልጆች ሳለን ካልሲያችን ሳይርስ ወጥተን በማናውቅበት። የምሠራበት የዕፅዋት ጥናት ተቋም ኃላፊ ዶክተር ብሬዝኒክ ባለፈው ኦገስት መጥቶ ግማሽ ቀን ዞረና «ጥበቃ የሚያስፈልገው አንዳችም ተክል የለም» ብሎ ፈረመ። በኦክቶበር መጨረሻ እኔ በራሴ ጊዜ ገባሁ። በዚያው በእኛ ቦታ፣ አባዬ እማዬን ባገባበት ዓመት አውሎ ነፋስ የጣለው ትልቁ የጥድ ግንድ ላይ፣ አንቺ የድንጋይ ሳር ያልሽውን፣ እርጥብ ግንድና ድንጋይ ከሚያለብሱት ለምለም ሞሶች አንዱን፣ ጋሻ ሞስን አገኘሁ። ሕግ የሚጠብቀው፣ የበቀለበትን ቦታ መንካት የሚከለከል ሞስ ነው። መንገዱ መዞር አለበት ማለት ነው።

ሳር አይደለም፣ ፖሎና። አንድ ቀን አጠገቤ ሆድሽ ላይ ተኝተሽ፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይንሽ ላይ ለጥፈሽ፣ አፍንጫሽ ግንዱን እስኪነካ ቀርበሽ ብታዪ ኖሮ ያን ቃል አትደግሚውም ነበር። ጋሻ ሞስ ቅጠል የለውም ማለት ይቻላል። የዓመቱን እኩሌታ በበሰበሰው እንጨት ውስጥ ዓይን የማያየው ክር ሆኖ ይኖራል። ቅጠል ሲረግፍ ግን ከጥፍር የማይረዝም አንድ እግር ያበቅልና ጫፉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ጋሻ ይሸከማል። ሁሉም ፊታቸውን ብርሃኑ ወደሚገባበት አዙረው ተሰልፈው ይቆማሉ። ሠላሳ ሰባት ቆጠርኩ። ሙቀት ሲመጣ ዘራቸውን በትነው ይጠፋሉ፤ ኦገስት ላይ የሄደ ሰው የሚያገኘው ባዶ ግንድ ነው። በዙሪያቸው ደግሞ የጉበት ቅጠል የምንለው፣ የሞስ ዘመድ የሆነ ቀይ ተክል አለ። ከሩቅ ግንዱ ላይ ወይን የፈሰሰ ይመስላል፤ በመነጽር ስትቀርቢው ግን ክሩ ሁሉ እንደ ሕፃን ጭብጥ በታጠፉ ቅጠሎች የተደረደረ ነው፤ በየጭብጡ ውስጥ ጠብታ ውሃ ተይዟል። ደርቆ የተኮማተረውን ሞስ በአፌ ውሃ ይዤ እረጨዋለሁ፤ ገና ከቦታዬ ሳልነሳ አንድ በአንድ ሲፈታ አያለሁ። ይህን ያየ ሰው ዋሽተሻል ሲባል ዝም ይላል?

በኖቬምበር ዶክተር ብሬዝኒክን ይዤው ሄድኩ። ሠላሳ ሰባቱን ጋሻ አየ። ፊቱ ጠቆረ፤ ፊርማው ነዋ። ከዚያ እጁን ወደ ግንዱ እግር ሰደደና ሞሱ ላይ ስፌት አገኘ፤ ተነስቶ የተመለሰ ሞስ ከቀሪው ጋር የተጋጠመበትን መስመር። የእኛን ስፌት! ባለፈው የሻማ በዓል፣ ገና በዋለ በአርባኛው ቀን፣ እኔና እማዬ የገናውን ሞስ የመለስንበትን። «ይህን እዚህ በእጅ ያስቀመጠው ሰው አለ?» አለኝ። «አዎ፣ በእጅ ነው የተቀመጠው» አልኩት። ራቭኒ ዶል የተወለደ ሰው ሌላ ምን ይላል? ለገና በየቤታችን ለምንሠራው ግርግም፣ ከሸክላ በጎቹና እረኞቹ ሥር ልታነጥፊው ከጫካ የወሰድሽው ሞስ ውሰት ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ቦታ አለው፤ የሻማ በዓል ሲደርስ ከወሰድሽበት መልሰሽ፣ በመዳፍሽ ተጭነሽ፣ ውሃ አጠጥተሽ ትሄጃለሽ። ሉብልያና ሰባት ዓመት ተምሬ፣ የከተማ ሰዎች የግርግማቸውን ሞስ ከገና ዛፉ ጋር ቆሻሻ ላይ ሲጥሉት በዓይኔ አይቼ፣ ያን ቀን ግን ይህን ማብራራት እንዳለብኝ አልታየኝም። ሞኝነቴ ይኸው ነው፤ ሌላ ጥፋት የለብኝም።

እሱ የሚፈልገውን ቃል አገኘ። በሪፖርቱ ላይ «የመስክ ሠራተኛዋ ሞሱ በእጅ የተቀመጠ መሆኑን በቃሏ አረጋግጣለች» ብሎ ጻፈ፤ ከዚያም ግንዱን ራሴ ከሌላ ሸለቆ አምጥቼዋለሁ የሚል ጨመረበት። ያን የሚያክል ግንድ በትከሻዬ ይሆን በቦርሳዬ፣ አልጻፈም። ከሥራ ታገድኩ። ከአዲስ ዓመት በኋላ አስጠርቶኝ ግማሽ ገጽ ወረቀት ሰጠኝ። «ለሥራው ባለኝ ጉጉት ተገፋፍቼ ግንዱን ከሌላ ቦታ አምጥቻለሁ» ይላል። ከፈረምኩ ነገሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል፣ ሥራዬም ይመለሳል። እስከ ነገ ሰኞ ካልፈረምኩ እባረራለሁ፤ አጭበርባሪ የተባለች ሴት ደግሞ ከእንግዲህ የትም ቦታ መነጽር ይዛ አትንበረከክም። «ልጄ፣ ወጣትነት ነው፤ ሁላችንም በጊዜያችን ተሳስተናል» አለኝ፣ እስክሪብቶ እያቀበለኝ። ልጁ አይደለሁም። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ትቼለት፣ ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ ለተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ ጻፍኩ። ምንም እንዲያምኑኝ አልለመንኩም፤ በሻማ በዓል ቀን አንድ ሰው መጥቶ ቆሞ እንዲያይ ብቻ ጠየቅኩ። ትናንት ወይዘሮ ኢርማ የሚባሉ ተቆጣጣሪ መጡ፤ ትንሽ፣ ነገር የማያበዙ ሴት ናቸው። ዶክተር ብሬዝኒክም ተከትሏቸው መጣ። አስራ አንድ ሴቶች እማዬን ጨምሮ ቅርጫታቸውን ይዘው ሸለቆው አፍ ላይ ቆመዋል። ጎረቤታችን እማማ ሮዛሊያ ዘንድሮ ሰማንያ አንድ ሞላቸው፤ ምላሳቸው ግን እንደምታውቂው ነው። ብሬዝኒክን ከእግር እስከ ራሱ አይተው «አንተ ልጅ፣ ቦት ጫማህ ዛሬ ነው እንዴ ከሱቅ የወጣው? ቀስ ብለህ ርገጥ፤ የሰው ምንጣፍ ነው» አሉት። «እማማ፣ እኛ ሥራ ላይ ነን» አላቸው። «እኛስ ሽርሽር ላይ ነን?» ብለውት አለፉ።

ሴቶቹ አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ተበታተኑ። አንዷ ከምንጩ በላይ ወዳለው ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ሌላዋ ወደ ሌላ የወደቀ ዛፍ ሥር፣ እማማ ሮዛሊያ ወደ ተሰነጠቀው ድንጋይ። ሁሉም ተንበርክከው ሞሳቸውን ባዶው ቦታ ላይ እንደ ልጅ ብርድ ልብስ ዘረጉት፣ ተጫኑት፣ በጠርሙስ ያመጡትን ውሃ አፈሰሱበት። ወይዘሮ ኢርማ ከአንዷ ወደ ሌላዋ እየሄዱ አዩ። «በየዓመቱ እንዲህ ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠየቁ። እማማ ሮዛሊያ ቀና ሳይሉ «ታዲያ ምን እናድርገው? እንብላው?» አሏቸው። ወይዘሮ ኢርማ ወደ ብሬዝኒክ ዞረው የሪፖርቱ ስፌት ይኸው እንደሆነ ጠየቁት። አንገቱን ካሸ በኋላ ስፌቱ የሴቶቹ ሊሆን ይችላል፣ ግንዱን ማን አመጣው የሚለውን ግን አይመልስም አለ።

ይኼኔ እማዬ ተቆጣች። «ግንዱንማ ነፋስ ነው የጣለው! እኔ ሙሽራ ሆኜ የረገጥኩት ግንድ ነው» አለች። «ማስረጃ አለዎት?» አላት። ማስረጃ የሚለው ቃል አበሳጫት መሰለኝ፣ በዚያ ባበጠ እጇ ግንዱን ተደግፋ በርከክ አለች። ድሮ ቅርንጫፍ ወድቆ ሳይዘጋው በፊት ሞስ የምንወስደው ከአሁኑ ቦታ አልነበረም፣ ከዚህ ግንዱ መሬት ከሚነካበት ብብት ነበር እያለች ጣቷን ከሞሱ ሥር ሰደደች። ድንገት እጇ ቆመ። «እዚህ ውስጥ ጠጣር ነገር አለ» አለች።

ወይዘሮ ኢርማ እንዳትነካው ነግረዋት መነጽራቸውን አውጥተው ተንበረከኩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። ቀዩ የጉበት ቅጠል ከግንዱ ተነስቶ፣ በሞሱ ላይ ተሻግሮ፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ መሬት ድረስ ወርዶ ግንዱን ከአፈሩ ጋር ሰፍቶታል። ፎቶ አነሱ፣ በማስመሪያ ለኩ። ከዚያ በአንድ በኩል በቢላ ከፈት አድርገው ሞሱን እንደ መጽሐፍ ገጽ ገለጡት።

የግርግማችን የሸክላ በግ ነው፣ ፖሎና። ግራ ጆሮው የተሰበረው። ሆዱ ላይ በምስማር የጫርሽው የስምሽ ፊደል አለ። በተሰበረው ጆሮ በኩል ሞስ በቅሎ ወጥቷል።

ሃያ ሁለት ዓመት! ለጎረቤት ልጅ ሰጥተሽዋል ተብለሽ፣ «አልሰጠሁም፣ ይቅርታም አልጠይቅም» ያልሽበት በግ። አባዬ እስኪሰለቸው ድረስ ግድግዳ ተደግፈሽ የቆምሽበት በግ። የትም አልሄደም። የዚያን ዓመት የሻማ በዓል እማዬ ራሷ ሳታውቅ ከሞሱ ጋር ጠቅልላ መልሳው ነው። ግንዱም ያኔ እዚያው ነበር ማለት ነው። እማዬ በጉን መዳፏ ላይ አድርጋ አፈሩን በጣቷ ጠረገችለት። ከዚያ «ጥፋቱ የኔ ነበር። ያን ልጅ በከንቱ ነው ያስራብኳት። ጻፊላት» አለችኝ። ይኸው ጻፍኩልሽ።

ብሬዝኒክ ግን አሁንም አፉ አልተዘጋም። «ይሄ የሸክላ በግ ነው እንጂ ሳይንስ አይደለም» አለ። እማማ ሮዛሊያ «በኦገስት መጥቶ የዲሴምበርን ፍሬ ፈልጎ ማጣትስ ሳይንስ ነው?» ብለው መለሱለት፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ ጫካው መለሰልን። ወይዘሮ ኢርማ አልሳቁም። ያዩትን ሁሉ እንደሚጽፉ፣ የሚወስኑት ግን ሌሎች እንደሆኑ ነገሩኝ። ሊፈርዱልኝ ይችላሉ፣ ላይፈርዱልኝም ይችላሉ። አላታልልሽም፤ ነገ ማታ ሥራ አልባ ሆኜ ልመለስ እችላለሁ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ያን ግማሽ ገጽ ወረቀት ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኩት። አስራ አንዱ ሴቶች ተራ በተራ ገብተው ባዶው ጀርባ ላይ ስማቸውን፣ ቤታቸውንና የሞስ ቦታቸውን ጻፉ። እማማ ሮዛሊያ «ሮዛሊያ። የተሰነጠቀው ድንጋይ። ሃምሳ ስምንት ዓመት ተውሼ ሃምሳ ስምንት ጊዜ መልሻለሁ» ብለው ጻፉ። እማዬ ደግሞ «የወደቀው ጥድ ብብት» ብላ ፈረመች፤ ቀጥላም «በጉን የቀበርኩት እኔ ነኝ» ብላ ጨመረች። ነገ በማለዳው አውቶቡስ ወረቀቱን ራሴ ወስጄ ብሬዝኒክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለታለሁ። በፊት ለፊቱ በኩል የእኔ መስመር ባዶ ነው። ባዶ ይቀራል።

አንድ ጉዳይ ግን ቀርቷል። በጉ መቼ እንደጠፋና ፊደሉን ማን እንደጫረበት ከእማዬ ሌላ የሚመሰክር አንድ ሰው ብቻ አለ። እሱም ባሕር ማዶ ነው። ወይዘሮ ኢርማ በእጅ የተጻፈ ቃል በቂ ነው ብለውኛል። ፈርሚ ብለሽኝ ነበር፣ እህቴ። አሁን ተራዬ ነው። ያውም እውነት ለሆነ ነገር። ፈርሚ!

ለኤርኔስቶ የእማዬንም የእኔንም ሰላምታ አድርሽልኝ፤ ጉልበቱን ከብርድ ይጠብቅ። ሉሲያን ግንባሯን ሳሚልኝ፤ የእናቷ በግ እንደተገኘና ጆሮ ባይኖረውም ሌላው አካሉ ደህና እንደሆነ ንገሪያት። ትንሹን ቶማስን ባላየውም እንደማውቀው አድርገሽ እቀፊልኝ። ለአማትሽ አክብሮቴን ንገሪልኝ። እማማ ሮዛሊያ «ያቺ እልኸኛ እንዴት ናት?» ብለውሻል። እማዬ ደግሞ በጉን አጥባ መስኮቱ ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙራ አስቀምጣዋለች።

እህትሽ ዛርያ
ራቭኒ ዶል፣ እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019