ለተጓዦቼ ግንብ አልሠራም

ይድረስ ለመንትያዬ፣ ለጥድፊያዬ፤

እንዴት ነሽልኝ? ከዚያ ከከባድ መኪናሽ መሪ ጋር ስትታገይ የሚያምሽ ትከሻሽ ተሻለው? ልጆቹስ? ትልቁ አሁንም ጫማውን ሳይፈታ ነው የሚተኛው? የትንሹ ጥርስ ወጣለት? ባለቤትሽ መካኒኩ የቆረጠው ጣቱ ዳነለት ወይስ ፋሻውን ፈትቶ ዘይት ውስጥ ነከረው? የእማማ ዓይንስ? ሐኪሙ ያዘዘላት ጠብታ ረዳት ወይስ እንደ ልማዷ «ተሽሎኛል» ብላ መሳቢያ ውስጥ ሸሸገችው? ሁሉንም አንድ በአንድ ጻፊልኝ፤ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ አትገላግይኝ።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ክፍሌም አታፈስም። የቸገረኝ ንዴቴ ነው። ሰሞኑን አንጀቴ እርር ብሏል። ለጎረቤቴ ለፀጉር ሠሪዋ ብነግራት «ለጌም ነው እንዲህ የምትንጨረጨሪው?» ብላ እስክታለቅስ ሳቀችብኝ። አንቺም መሳቅሽ አይቀርም፤ ግን መጀመሪያ ጨርሰሽ አንብቢው።

ሥራዬን በስልክ ባስረዳሁሽ ቁጥር «እና ስትጫወቺ ነው የሚከፍሉሽ?» ትይኛለሽ። አይደለም እቴ! የምንሠራው የኮምፒውተር የስልት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ አንድ ሕዝብ ይመርጥና መንደር ያቀናል፣ እህል ያከማቻል፣ ጦር ያሰለጥናል፣ ከሌላው ጋር ይፋለማል። ለምርጫ የሚቀርቡትን ሕዝቦች ወገኖች እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ አንዱ ወገን ከሌላው በእውነት እንዲለይ ማድረግ ነው፤ ማለትም ተጫዋቹ ወገን ሲቀይር ሐሳቡም፣ የእጁ ፍጥነትም፣ ፍርሃቱም አብሮ እንዲቀየር።

ሦስት ወገኖች አሉን። የድንጋይ ሰዎች ቀርፋፎች ናቸው፤ ግን አንዴ ግንባቸውን ካቆሙ የሚነቀንቃቸው የለም። እነሱን የያዘ ተጫዋች ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ነው የሚጫወተው። የወንዝ ሰዎች በጀልባ ይነግዳሉ፤ ዛሬ የተዋጉትን ሰው ነገ ጨው ይሸጡለታል። እነሱን የያዘ ደግሞ ሲያሰላ ከንፈሩን ይነክሳል። ሦስተኛዎቹ የእኔ ናቸው፤ ተጓዦች። ከተማ የላቸውም፣ ቤታቸው ጋሪ ላይ ነው። ጠላት ሲመጣባቸው ነቅለው ይሄዳሉ፤ ጠላት ደርሶ የሚያገኘው ትኩስ አመድ ብቻ ነው። ታዲያ እህል ማከማቸት አይችሉም፤ አንድ ቦታ ቆመው ከተዘናጉ ይራባሉ። ተጓዦችን የያዘ ሰው ሻይ ፉት የሚልበት ፋታ የለውም። ማንን እያሰብኩ እንደሠራኋቸው ልንገርሽ ወይስ ገባሽ?

እንግዲህ ቁጥር የሚመዝንልን አንድ ባልደረባ አለን፤ ቢሮ ውስጥ ሚዛን ነው የምንለው። የትኛው ወገን ስንቴ አሸነፈ፣ የማን ጦረኛ ቶሎ ሞተ እያለ ቀኑን ሙሉ ያሰላል። ተጓዦቼ ምቾት ነስተውታል። መጀመሪያ ላይ ይሸነፋሉ፣ በኋላ ደግሞ ያሸንፋሉ፣ አንድ ቦታ አይረጉለትም። ሄዶ ለሥራ አስኪያጁ ነገረው። ሥራ አስኪያጃችንን ታውቂው የለም? ያ ሲናገር እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ የሚያደርገው፣ ጨዋታ ግን ተጫውቶ የማያውቀው። ሁላችንንም ሰበሰበና «ተጓዦችም ግንብ ይኑራቸው፣ ጎተራ ይኑራቸው፣ ተጫዋቹን አናደናግረው። ልዩነቱን በቀለም እናሳየዋለን» አለ። ቀጭ! እስከ ሰኞ ግንቡን ሠርቼ እንዳስረክብ አዘዘኝ።

ደሜ ፈላ። በቀለም! የድንጋይና የወንዝ ሰዎች እንኳ ዛሬ እንደነገርኩሽ አይደሉም፤ ሥራ አስኪያጁ ቀድሞ አመሳስሏቸዋል። ያው ጦረኛ፣ ያው ጎተራ፣ ያው አጥር፤ አንዱ ቀይ ቆብ፣ ሌላው ሰማያዊ ቆብ። ይሄ ልዩነት ነው? ሚዛንን «አንተ ሰው፣ ምን በደልኩህ?» ብዬ ብጠይቀው «እህቴ፣ እኩል ካልሆኑ ፍትሕ የለም» አለኝ ረጋ ብሎ። እኩል ይሁኑ እንጂ ማን ጠላ! እማማ ለአንቺ ሶሉ ወፍራም ጫማ ስትገዛልሽ ለእኔ የአልጋ መብራት አይደል የገዛችልኝ? አንቺ ጫማ ትጨርሻለሽ፣ እኔ መጽሐፍ እጨርሳለሁ። አበላለጠችን ብለን ያኮረፍንበት ቀን ትዝ ይልሻል? እኔስ ትዝ አይለኝም።

ቀለም ሲሉኝ የመጣብኝ ግን ሪባናችን ነው። አክስታችን እኛን መለየት ሲያቅታት ለአንቺ ቀይ፣ ለእኔ ሰማያዊ ሪባን ገዝታ ፀጉራችን ላይ ያሰረችልን። ከዚያ ወዲያ ስማችን ጠፋ። መምህሩ «ቀይዋ፣ ተነሺ!» ባለሱቁ «ሰማያዊዋ፣ መልስሽን እንቺ!» ሪባን ተለዋውጠን የዋልን ቀን አክስታችን ያንን መራራ የሳል ሽሮፕ እኔን ጤነኛዋን ደጋግማ ግታኝ፣ አንቺ ስትስይ አደርሽ። እማማ ግን ማታ ከሥራ ገብታ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ሽንኩርት እየከተፈች፣ ዞር እንኳ ሳትል «ጥድፊያ፣ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊ፤ እርጋታ፣ አንቺ ደግሞ ግቢ እንጂ ደጅ ላይ አትቁሚ» አለችን። አንድም ቀን ሪባን አይታ አታውቅም። የምታየው አካሄዳችንን ነው።

ይህን ሳስታውስ አንድ ነገር መጣልኝ። ሐሙስ ዕለት ሠዓሊውን ለመንኩትና ቀለሙን በሙሉ ከጨዋታው ላይ አጠፋልኝ፤ ስክሪኑ እንዳለ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን «ጌታዬ፣ እስቲ እርስዎና ሚዛን አንድ ዙር ይግጠሙልን» አልኩት። ደስ አለው፤ እጅጌውን ሰበሰበ። እሱ ቆባቸው ቀይ የነበረውን የድንጋይ ሰዎች፣ ሚዛን ሰማያዊ የነበረውን የወንዝ ሰዎች ያዙ። ቢሮው ሁሉ ከኋላቸው ቆመ። ሁለቱ ጦር እስኪገናኝ ድረስ መልካም ነበር። ከተቀላቀሉ በኋላ ግን ግራጫ ከግራጫ ይገድል ጀመር፤ አንድ ጎተራ በእሳት ተያያዘ፣ ጥቂት ጦረኞች ፍርስራሹ መሐል ቆመው ቀሩ። ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሥቶ «በላኋት! አቃጠልኩልህ!» ብሎ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

ሚዛን ጉሮሮውን ጠረገና «ጌታዬ፣ የተቃጠለው እኮ የእርስዎ ጎተራ ነው» አለው።

አሁን ይሄ ሰው ምን ቢል ጥሩ ነው? «ተሳስቻለሁ» የሚል መስሎሻል? «በሉ ቀለሙን መልሱት! ቀለም ለዚህ አይደል የተፈጠረው?» ቀጭ! ወይ ነዶ! የራሱ ቤት ሲቃጠል ያጨበጨበ ሰው መድኃኒቱ ሪባን ነው አለ። በሰው ፊት አልጮህም ብዬ ከንፈሬን ነክሼ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ ለቧንቧው ተናገርኩት። ቧንቧው በሥርዓት አዳመጠኝ።

ስመለስ ሚዛን ጠረጴዛዬ ጋ ቆሞ ይጠብቀኛል፤ ጆሮው ቀልቷል። «እኔም አላወቅኩም ነበር» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የጎተራ ቁጥር አይቼ ነው የለየሁት። ጦሩንማ መለየት አቅቶኝ ስንት ጊዜ የራሴን ሰው ፈርቼ ሸሽቻለሁ።» ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ተያይዘን ሥራ አስኪያጁ ጋ ገባን። ሰኞ ጨዋታውን የሚያከፋፍሉልን እንግዶች ይመጣሉ። ሚዛን ራሱ ነው የተናገረው፤ ተጓዦች ያለ ግንብ፣ እንደ ቀድሞው፣ በግራጫው ይቅረቡላቸውና ይለዩዋቸው እንደሆነ እንይ አለ። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ደጋግሞ ቀጭ ቀጭ አደረገና «እሺ። ከለዩ ግንቡ ይቅር፤ ካልለዩ ግን በገዛ እጅሽ ትገነቢዋለሽ» አለኝ። እኔ ደግሞ ምን ብዬ መለስኩ መሰለሽ? «አልገነባም፤ ያኔ በቦታዬ ሌላ ሰው ቅጠሩና ሰማያዊ ቆብ አድርጉለት፣ ልዩነቱን አታዩትም!» አፌ አመለጠኝ፤ ግን አልጸጸትም። እንግዲህ ነገ ወይ ተጓዦቼ ይኖራሉ፣ ወይ እኔ ሥራ ፈላጊ ነኝ። ሥራ ከፈታሁ መኪናሽ ውስጥ ከጎንሽ ወንበር አስቀምጪልኝ።

አርብ ጨንቆኝ ቤት ደወልኩ፣ አንቺ መንገድ ላይ ነበርሽ። ስልኩ ተነሣ። እኔ ገና ቃል ሳልተነፍስ፣ ያቺ የስልኩን ቁጥር ማየት ያቃታት እማማ «እርጋታ፣ ማን ነው ያናደደሽ?» አለችኝ። በምን አወቅሽ ስላት «ጥድፊያ ሳላነሣው ታወራለች፤ አንቺ መጀመሪያ ትተነፍሻለሽ። ዛሬ ደግሞ አተነፋፈስሽ ፈጥኗል» አለች። ዓይኗ ደክሞ እንኳ! ነገ ከሚመጡት እንግዶች መሐል እንደ እሷ የሚያይ አንድ ሰው ብቻ ይበቃኛል።

በይ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ባለቤትሽን ጣቱን ከዘይት እንዲያርቅ፣ ትልቁን ጫማውን እንዲፈታ አክስቱ ብላለች በይልኝ። ትንሹን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ከነከሰሽ ጥርሱ ወጥቷል ማለት ነው። አክስታችንን «ሽሮፑ ይቅርታ ተደርጎለታል» በያት። ለእማማ ጠብታዋን ከመሳቢያው አውጥተሽ አንቺው ጨምሪላት። ይህንንም ደብዳቤ ጮክ ብለሽ አንብቢላት፤ ግን ቀስ ብለሽ። ጥድፍ ጥድፍ ብለሽ ካነበብሽው «ይሄ የእርጋታ አይደለም» ማለቷ አይቀርም።

የምትወድሽ መንትያሽ፣
እርጋታ

ባለ አንድ መስኮቷ ክፍሌ ውስጥ ሆኜ
እሑድ ከሰዓት፣ ሰኔ 14 ቀን