ቅቤ የተቀባው ሐረግ

ኅዳር 9 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ ቦሌ

ለራሴም መጻፉ ያሳፍረኛል፤ በመጽሔት ስለ አበባ አያያዝ የምመክረው እኔ፣ የሟች እናቴን ሐረግ ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አልማዝ አደራ ብዬ ለሥራ ናዝሬት ሄድኩ። ቅጠሉ ወፍራም ነው፤ ውሃ ያጠራቅማል። "በሳምንት አንዴ ብቻ ያጠጡልኝ" ብያቸው ነበር። ዛሬ ስመለስ ቅጠሉ ሁሉ ለጋ ቅቤ ተቀብቷል፤ ሥሩም በስብሷል።

"ፀጉሯ ደርቆ አሳዘነችኝ። ውሃም በየቀኑ ነው ያጠጣኋት" አሉኝ፣ ኮርተው!

"ሹሩባስ ለምን አልሠሯትም?"

"ቅጠል ሹሩባ ይሠራል እንዴ? አንቺ ደግሞ!"

እኚህ ናቸው እንግዲህ የቀበሌያችን የአትክልት ኃላፊ! ጎመኑን እግዜር ይጠብቀው።

አንዲት ጤነኛ ጫፍ አገኘሁ። ቅቤውን በሳሙና አጥቤ አሸዋ ላይ ተከልኳት። ከእማዬ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ሥር ሰደደችም፣ ሞተችም፣ እዚሁ እጽፈዋለሁ።