የካሜራውን ባትሪ እንዳታወጣ

ሙንታሲር፣

ጠረጴዛው ላይ ያለውን፣ ደኑ ውስጥ አውሬ የሚያነሳልንን ካሜራ ጠግኜዋለሁ። የገባበትን ጉንዳን አራግፌ፣ የተሰነጠቀውን ክዳን በማስቲሽ አሽጌዋለሁ። በአላህ ይዤሃለሁ፣ ባትሪውን እንዳታወጣ! ሰዓቱ ይጠፋል።

የደኑ ዝግባ የተቆረጠው ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው። ካሜራው አንተን ያነሳበት ፎቶ ላይ 9:00 ስለሚል፣ የደን ኃላፊው በፈረንጅ ሰዓት ቆጥሮ «ቆራጩ አንተ ነህ» አለህ። «እኔ በዚያ ያለፍኩት ከሰዓት ነው» ብትል ማን ሰማህ?

የካሜራው ሰዓት የተሞላው በሐበሻ አቆጣጠር ነው። ዘጠኝ ያለው የኛን ዘጠኝ ነው።

ወደ ወልቂጤ ወርጃለሁ። ነገሩ ፖሊስ ጋ ሳይደርስ ኃላፊውን ይዤው እመጣለሁ፤ ሰዓቱን በዓይኑ ይየው።

ቆጮ ሸፍኜልሃለሁ፤ ሳትበላ እንዳትወጣ።

ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ።
ያን ቀን ኃላፊው ሲጮህብህም ይህን አውቅ ነበር።

ዘመድኩን