የጋቢናው ጣሪያ ሲመታ

መስከረም 21
ከሸሕዲ ከተማ ወደ እርሻው ሁለት ዙር። በአይሱዙዋ ጀርባ ሰላሳ ስምንት የቀን ሠራተኛ፣ አብዛኞቹ ከጎጃም የመጡ። ሰሊጡ ደርሷል... ከደረሰ ደግሞ አይጠብቅም፣ ይረግፋል። እንዳለው የሚባለው አሠሪዬ፣ መኪናውም እርሻውም የእሱ ነው፣ ቀድሞ የገባ ደህና ደህናውን ማሳ ያጭዳል ብሏቸዋል። እነሱም ይቸኩላሉ፣ እኔም።

አስፋልት ላይ እንደወጣን ዘፈን። ከበሮ የላቸውም፣ የሚደልቁት የጋቢናውን ጣሪያ ነው። «ዋሴ፣ ዋሴ» እያሉ። ስሜ ሲጠራ ምን እንደሚነካኝ እንጃ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ይከብዳል። መቶ አስር ገባሁ። ሁለት ሚኒባስ ቀደምኩ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ?

መስከረም 24
ሰው ጣልኩ።

መስከረም 25
ትናንት እጄ አልጽፍ አለኝ። ዛሬ ልሞክር።

አንዷ ኩርባ ላይ ከመቶ አስር አልቀነስኩም። መኪናዋ ስትወዛወዝ ባየልኝ የሚባል የዳንግላ ሰው ከጀርባ ወደቀ። ቁም ብለው ጣሪያውን መቱ። ደበደቡት። እኔ... የዘፈኑ መስሎኝ ጨመርኩ። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል። ሰው አስፋልት ላይ ጥዬ ደስ ብሎኝ ስነዳ! አንዱ በመስኮት በኩል ተንጠልጥሎ የሚያለቅስ ፊቱን ሲያሳየኝ ነው የቆምኩት።

ዞሬ ስደርስ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዟል። ቅልጥሙ ተሰብሯል። አልጮኸም፣ አልተሳደበም።

«ሲመቱልህ እኮ እዚህ ሆኜ እሰማ ነበር» አለኝ። «ምነው አልቆም አልህ?»

ተሸክሜ ጋቢና አስገባሁትና ወደ ጤና ጣቢያ ነዳሁ።

መስከረም 26
እንዳለው ጤና ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ። ለትራፊኩ ስልሳ ነበርኩ በል፣ ሰውዬው ራሱ ቆሞ ነው የወደቀው በል አለኝ። ትራፊኩ ሲጠይቀኝ መቶ አስር አልኩ። ቀጣኝ። ለኅዳር ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ። እንዳለው ከዚያ ወዲህ ሰላምታ የለውም። ይቅርበት።

መስከረም 30
ነርሷን ዘምዘምን ጠየቅኳት። አጥንቱ ቦታው ገብቷል፣ ቀጥ ብሎ መሄድ አለመሄዱ ግን ጀሶው ሲፈታ ነው የሚታወቀው አለች። በሬ ተከትሎ የሚያርስ ሰው እኮ ነው... ብርቱካን ይዤለት ገባሁ። ተቀበለኝ።

ጥቅምት 2
ሳይሳፈሩ ነገርኳቸው። ከስልሳ አላልፍም። ጣሪያው ከተመታ እቆማለሁ፣ ለዘፈንም ቢሆን። ሳቁ።

ወጣን። ደለቁ። ቆምኩ። ተነሳሁ፣ ደለቁ፣ ቆምኩ። ሰባት ጊዜ! አለቃቸው፣ ካቦው ኪዳን፣ ወርዶ መጣ። ጨዋታ እኮ ነው፣ ማሳው ሊያመልጠን ነው አለኝ።

«ጨዋታውንና ጭንቁን እዚህ ተቀምጬ መለየት አልችልም» አልኩት። «አንዴ ሞክሬዋለሁ።»

ስንት መኪና በጡሩንባ እየሰደበን አለፈ። በመጨረሻ ደረስን።

ጥቅምት 3
እንዳለው መጣ። ሰሊጤ መሬት ላይ እየረገፈ አንተ ሽርሽር ላይ ነህ፣ ሹፌር አላጣም አለ። ፈልግ አልኩት። ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁለት። በዚህ አጨዳ ሹፌር ከየት ያመጣል... ቁልፉን ሳይቀበለኝ ሄደ።

ጥቅምት 7
ዘፈኑ አለ። በጭብጨባ ሆኗል። ጣሪያው ዝም።

ጥቅምት 11
ኪዳን ዛሬ አዲስ የመጡትን ራሱ ሲያስጠነቅቅ ሰማሁ። «ጣሪያውን እንዳትነኩ፣ ይኸ ሰውዬ ይቆማል።» ስድብም ይመስላል። ወደድኩት።

ጥቅምት 19
ባየልኝ ወደ አገሩ ሊሄድ ነው። እስከ ሸሕዲ መናኸሪያ እኔ አደርስሃለሁ አልኩት። ጋቢና አስቀመጥኩት፣ ጀሶውን በጆንያ ደገፍኩለት። ስልሳ ላይ ነን።

ያቺ ኩርባ ጋ ስንቃረብ እጁን አነሳና ጣሪያውን መታ። ዳር ይዤ ቆምኩ። እጅ ፍሬን ሳብኩ።

«አመመህ?»

«አይዶለም» አለ። ወደፊት ነው የሚያየው። «እንደምትቆም ልየው ብዬ ነው። በል ንዳ።»

እስከ ሸሕዲ ሦስት ጊዜ መታ። ሦስቴም ቆምኩ።