ከልብስ ማጠቢያው ክፍል የተሰማው ድምፅ ለፈተናው መሥሪያ ቤት የጻፈው

ለተከበራችሁ የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ውጤት መርማሪዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተይዞ ስለ ቆየው የልጄ ውጤት

ከሁሉ አስቀድሜ የወገባችሁን፣ የዓይናችሁን፣ የጨጓራችሁንና የቤተሰባችሁን ጤና በትሕትና እጠይቃለሁ። የጆሯችሁን ግን አልጠይቅም፤ በሁለት ግድግዳና በአንድ የተዘጋ በር አልፎ የሚሰማ ጆሮ እንዳላችሁ በገዛ ቤቴ ስላረጋገጥኩ፣ ፈጣሪ እንዲሁ ይጠብቅላችሁ ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

እኔ ክሊዮፈስ ባቲስት እባላለሁ፤ ጡረታ የወጣሁ በያጅ ነኝ፤ በመላው የወደብ ከተማችን በሞቢል ከእኔ የሚበልጥ አንባቢ የለም። ይህን ስል ፓስተራችንን፣ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች፣ ባለቤቴን ኢዮላንና ሦስተኛ ክፍል ያለፉትን ልጆች በሙሉ ሳልቆጥር ነው። ከእነሱ ወዲያ ግን ይወዳደረኛል የሚል ካለ ይምጣና ይሞክረኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ ባለፈው መስከረም፣ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት የማታ ትምህርት ገብቼ፣ ከስምንታችን ቀድሜ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የጨረስኩት እኔ ነኝ። አስተማሪያችን ሚስ ቨርሊን ሳትቀር፣ "ሚስተር ባቲስት፣ ንባብዎ ግሩም ነው፤ ግን እባክዎ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉት፣ ፎቅ ያሉት ዘማሪዎች መለማመድ አልቻሉም" ብላ አመስግናኛለች። እኔ ምስጋና ነው ብዬ ወስጄዋለሁ።

ችግሬን ሳልደብቅ ልናገር፦ በልብ ማንበብ አልችልም። ፊደሉ መጀመሪያ ከአፌ ካልወጣ ወደ ጭንቅላቴ አይገባም። ዘግይቶ ማንበብ የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ ስምንታችንም ስናነብ ምድር ቤቱ የጨረታ አዳራሽ ይመስላል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የመከራችን ሁሉ ምንጭ እሱ ነውና።

ሚስ ቨርሊን ቅሬታ በቁጥር ቢጻፍ ያምራል ስላለች በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ። ልጄ ዴልፊን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ለፈተናችሁ አሥራ አራት ወር ተዘጋጅታለች፤ ምሳ ሰዓቷን መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ፣ በአንድ እጇ ሳንድዊች በሌላው እርሳስ ይዛ፣ የመለማመጃው መጽሐፍ ሽፋኑ እስኪረግፍ ድረስ። ፈተናውን በቤት ውስጥ በኮምፒውተር መውሰድ ይቻላል ብላችሁ ስለ ፈቀዳችሁ ከልብ እናመሰግናለን። በዚያ ቅዳሜ ተቆጣጣሪያችሁ በካሜራ ሆኖ ከጠረጴዛው ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከጆሮዋ ጀርባ ሳይቀር እያገላበጠ አይቷል፤ የሟች እናቴንም ፎቶግራፍ ከግድግዳው አስወርዷል። እናቴ በሕይወት ሳለች ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከሞተች ወዲህ ሕግ አጥንታ እንደሆነ ግን ማረጋገጫ ስለሌለኝ ጥንቃቄያችሁን አልነቅፍም።

ዴልፊንም ከእናንተ አላነሰችም። እናቷን ወደ እኅቷ ቤት ሸኘቻት፤ እኔንም የዓሣ ማጥመጃ ዘንጌን አስይዛ እስከ በር ድረስ ገፋችኝ። "አባዬ፣ ከሰባት ሰዓት በፊት እንዳትመጣ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ውጭ ሆነህ ተመልከት" አለችኝ። "እኔ እሳት አይቼ ዝም የምል ሰው ነኝ?" ብላት፣ "አንተ ምንም አይተህ ዝም የምትል ሰው አይደለህም፤ ፈተናዬም እሱ ነው" ብላ በሩን ዘጋችው።

ሄድኩ፤ እውነቴን ነው። ነገር ግን የሞቢል ዝናብ ቀጠሮ አያከብርም። አራት ሰዓት ሳይሞላ ባሕረ ሰላጤው ጠቆረ፤ ዓሦቹ ከእኔ ይልቅ ደረቅ ሆኑ። ድመት እንኳ በማይሰማው አረማመድ በጓሮ በር ገባሁና ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ኮቴ የለም፣ ሳል የለም፣ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው በላይ ፈተና የሚያከብር ማን አለ?

ግን የቤት ሥራ ነበረብኝ። የክፍል ጓደኞቼ ስለ ድብና ስለ ማር የሚያወራ መጽሐፍ ይዘው ሲመጡ፣ እኔ "ሕግ ነው የማነበው" ብዬ ስለ ፎከርኩባቸው፣ ዴልፊን የጣለችውን ያንን ሽፋን የለሽ መለማመጃ ከሳሙናው መደርደሪያ ሥር ደብቄው ነበር። አወጣሁት። ገለጥኩት። "በማለዳ ከወደብ የሚወጡ ጀልባዎች ሁሉ በረዶ ይጭናሉ። ዶሮቲያ የተባለችው ጀልባ በረዶ ጭናለች። ስለዚህ ዶሮቲያ የወጣችው በማለዳ ነው። የዚህ ክርክር ጉድለት ምንድን ነው?" ይላል። እስቲ ፍረዱኝ። አርባ ዓመት ወደብ የኖረ ሰው ይህን አንብቦ ዝም ሊል ይችላል? ጀልባ በረዶ የሚጭነው ለዓሣ ብቻ ነው ያለው ማነው? ቢራውስ? "ሐ!" አልኩ። "ሐ ነው! የዶሮቲያን ካፒቴን እኔ ልጠይቀው!" ከዚያም ወደሚቀጥለው አለፍኩ፤ ከዚያም ወደሚቀጥለው።

ሁለተኛ። በዘጠነኛው ቀን ለዴልፊን የላካችሁት ማስታወቂያ "ከተፈታኟ ክፍል አጠገብ የአዋቂ ወንድ ድምፅ የፈተና ጥያቄ የሚመስሉ ዐረፍተ ነገሮችን ሲያነብና መልስ ሲናገር ስለ ተሰማ ውጤቱ ለምርመራ ተይዟል" ይላል። ስለ "አዋቂ ወንድ" እጅግ አመሰግናለሁ፤ ኢዮላ በሠላሳ አራት ዓመት ትዳር ያልመሰከረችልኝን እናንተ በአንድ ቅዳሜ መስክራችሁልኛል፤ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው በር ላይ ልለጥፈው ነበር። ስለ ቀረው ግን ትንሽ እንነጋገር።

ያነበብኩት የስድስት ዓመት አሮጌ መጽሐፍ ነው። በዚያ ጠዋት በልጄ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ጥያቄ ያው ራሱ ከሆነ፣ አጭበርባሪው እኔ ሳልሆን ጥያቄ መሥራት ታክቶት አሮጌውን የሚያሞቀው ሰው ነው፤ ያው ካልሆነ ደግሞ ለየትኛው ጥያቄ የትኛውን መልስ እንደ ሰጠኋት ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል። በዚያ ላይ መልሶቼን ከመጽሐፉ ጀርባ ጋር አመሳክሬአለሁ፤ ከሃያ አምስቱ አራት አግኝቻለሁ። ዝርዝሩን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። ከእሷ ጋር አስተያዩት። ልጄ እኔን ሰምታ ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምታመለክተው ለሕግ ትምህርት ቤት ሳይሆን ለሚስ ቨርሊን ነበር። እሷ "ማንም አልነበረም" ብላ የጻፈችላችሁም የምታውቀውን እውነት ነው፤ መመለሴን አላየችም።

ሦስተኛ፣ ስልካችሁ። "ጥሪዎ ለእኛ ውድ ነው" የሚለውን ማሽን አሥራ አንድ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሙዚቃውን አሁን ሣር ሳጭድ አፏጨዋለሁ። በአሥራ ሁለተኛው አንድ ጨዋ ሰው አነሳ።

"ጌታዬ፣ ተፈታኙ እርስዎ ነዎት?"

"አይደለሁም።"

"ታዲያ ማን ልበል?"

"ድምፁ ነኝ።"

ወረቀት ሲያገላብጥ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ "ይቅርታ፣ ድምፁን ማነጋገር አንችልም። የምናነጋግረው ተፈታኟን ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ቤት ውስጥ የነበረ ሰው ካለ፣ እሷ በስሟ ታመልክትና የእሱን የምስክርነት ቃል ታያይዝ" አለኝ። "ጌታው፣ ስታደምጡኝ ሰው ነበርኩ፣ ስደውል ድምፅ ሆንኩ ማለት ነው?" ብዬ ብጠይቀው፣ መልካም ቀን ተመኘልኝ። ምኞቱ እስካሁን አልደረሰኝም።

በዚያው ቀን ለዴልፊን ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አፏን ያዘች፤ ቀጥላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያም "አባዬ፣ የቤቱ አንባቢ አንተ አይደለህ? እንግዲያው አንተው ጻፍላቸው" አለችኝ። እነሆ እየጻፍኩ ነው፤ ለእናንተ ብቻ ብጽፍ መሳቢያ ውስጥ ስለሚያድር ለሰፈራችን ሳምንታዊ ጋዜጣም እሰጠዋለሁ።

አራተኛውን ስጽፍ ቀልዱ ስለሚያንሰኝ ይቅርታ። ካመለከተችባቸው ሦስት ትምህርት ቤቶች ሁለቱ ውጤቷ አልመጣም ብለው ወንበሩን ለሌላ ሰጥተዋል። ሦስተኛው እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ ብሏል። ዓርብ ማለት ከነገ ወዲያ ነው። ምርመራችሁ ግን "ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት" ይላል፤ ዓርብን በስንት ሳምንት እንደምትከፍሉት አላውቅም።

ትምህርት ቤቶቹ ሕግ ለምን መማር እንደ ፈለገች በሁለት ገጽ ጻፊ ብለዋት ነበር። እሷ የጻፈችው ስለ እኔ ነው። የመርከብ ፋብሪካ ውስጥ የወደቀ ብረት ቀኝ እጄን ሲጨፈልቀው፣ የፋብሪካው ሰዎች ሐኪም ቤት ድረስ አንድ ወረቀት አመጡልኝ። "አንብበውና ፈርም" አሉኝ። ሰው በተሰበሰበበት አልችልም ልበል? ወረቀቱን ወደ ብርሃን ያዝኩት፣ ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አንሸራሸርኩት፣ ራሴን ነቀነቅኩ፣ "አንብቤዋለሁ፣ ደህና ነው" ብዬ በግራ እጄ ፈረምኩ። ዴልፊን ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ በረንዳው ላይ ተቀምጣ አነበበችልኝ። ስለ እጄ ዳግመኛ ማንንም ካሳ እንዳልጠይቅ የተስማማሁበት ወረቀት ነበር። ስትጨርስ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አባዬ፣ ይህን አንብበኸዋል?" አለችኝ። "አዎ" አልኳት።

ያንን ድርሰቷን ባለፈው ወር በራሴ አፍ፣ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው፣ አንብቤ ጨርሻለሁ። ልጄ ሰው ፊት ከሚያፍሩ ሰዎች አጠገብ ቆማ ወረቀታቸውን ልታነብላቸው ነው የፈለገችው። ይህች እንግዲህ በእናንተ መዝገብ "አጠራጣሪ" ተብላ የተያዘችው ሰው ናት።

ስለዚህ ከዓርብ በፊት ውጤቷን እንድትለቁላት በትሕትና እየጠየቅሁ፣ ስለ ትዕግሥታችሁ፣ ስለ ሙዚቃችሁና የማንንም ስህተት ሳያጣራ ስለማያልፈው፣ የራሳችሁን ግን ገና ስላላጣራው ትጋታችሁ ያለኝን ምስጋና እገልጻለሁ።

በታላቅ አክብሮትና፣ ጠባይ ሆኖብኝ፣ በታላቅ ድምፅ
ክሊዮፈስ ባቲስት
የቀድሞ በያጅ፣ የአሁን ተማሪ፣ በእናንተ መዝገብ "የአዋቂ ወንድ ድምፅ"

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ እናንተ እውነት ለማግኘት ስምንት ሳምንት ስለሚያስፈልጋችሁ፣ ይኸኛውን እንኳ ሳትደክሙ ላቀብላችሁ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ። ዴልፊን አልሳቀችም። ጻፍላቸውም አላለችኝም። አልነገርኳትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ድምፁ የጎረቤታችን የሚስተር ፔትዌይ ቴሌቪዥን ነው ብላ ታምናለች፤ ጆሯቸው ስለ ደከመ ሰፈሩን ሁሉ ነው የሚያሰሙት፤ እሷም ሰላምታ ነሥታቸዋለች። ትናንት አጥሩ ጋ ቆመው፣ "ክሊዮ፣ ይህችን ልጅ ምን አድርጌአት ነው?" ሲሉኝ፣ "የፈተና ነገር ነው፣ ያልፋል" አልኳቸው። የስልኩ ሰውዬ በስሟ ታመልክት፣ የምስክሩን ቃል ታያይዝ ያለኝን ለእሷ ማድረስ ሲገባኝ፣ ለእናንተ አራት ገጽ ጻፍኩ። እሷን ከመጋፈጥ እናንተን መጋፈጥ ቀሎኝ ነው።

የምስክርነት ቃሌን ለብቻው ጽፌ፣ በቀኝ እጄ ፈርሜ፣ ከዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ጋር የመኪናዋ ወንበር ላይ አስቀምጬዋለሁ። ወደ ሥራ የምትወጣው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህን የምጽፈው መስኮቱ አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። እስካሁን አልተዘጋም።