ግጥሙን የሰጠሁት እኔ ነኝ

ሰቆጣ፣ ኅዳር 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የአውራጃው የኪነት ጉዳይ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ መጋዘኑ በር የጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። በእኛ በኩል ያለው ጤና ለሰላምታ የሚበቃ ስላልሆነ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ እንዳልፍ ይፈቀድልኝ።

ነገሩ የተበላሸበትን ቅጽበት ሁለታችንም እናውቀዋለን። ባለፈው ነሐሴ፣ በገበያ ቀን፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት መሰናዶ ተብሎ ሕዝቡ ሾላው ሥር በተሰበሰበበት፣ አዝማሪው አያ ይግዛው የተሰጠውን ስንኝ ዘፍኖ ሳይጨርስ እርስዎ ቀኝ እጅዎን አነሡ። ደጋኑ በማሲንቆው ጭራ ላይ እንደተጋደመ ቆመ። ያን እጅዎን ከዚያ ወዲህ ያወረዱት አይመስለኝም፤ ወደ ገበያ በወጣሁ ቁጥር ከሰዉ ራስ በላይ ተነሥቶ አየዋለሁ።

ለአገራችን እንግዳ ስለሆኑ ልማዳችንን በትሕትና ላስረዳዎ። አዝማሪ ባለበት ከአድማጭ አንዱ “ተቀበል!” ብሎ ስንኝ ይሰጣል። አዝማሪው የተሰጠውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በዜማ ያደርሰዋል፤ እምቢ ማለት ነውር ነው። ቃሉ የሰጪው ነው፤ የአዝማሪው ድምፁ ብቻ ነው። እርስዎም በዚያው ዕለት፣ ከማንም ቀድመው፣ በልማዱ ተጠቅመዋል። “ተቀበል!” ብለው “አድኃሪያንን በመደምሰስ የምርት ዘመቻውን ከዳር እናደርሳለን” የሚለውን ስንኝ ሰጡት። አያ ይግዛው ለዜማም ለትንፋሽም የማይመቸውን ያን ቃል እንደ ምንም አጣጥፎ ሲዘፍነው ከኋላዬ የነበሩ አንዲት አሮጊት “ኧረ ውኃ አቀብሉት፣ አነቀው!” ማለታቸውን ምናልባት አልሰሙ ይሆናል። እርስዎ ግን ስለዚያ ስንኝ አልታሰሩም፤ እሱም አልታሰረም።

ቀጥሎ ከሕዝቡ መካከል፣ በገበያው ጫጫታ የወንድ ይሁን የሴት ያልተለየ፣ “ተቀበል!” የሚል ሌላ ድምፅ መጣ፤ አያ ይግዛውም ተቀበለ፤

“ለእህሉ መጋዘን ዘበኛ ቆሞለት፣
ለረገፈው ወገን ማንስ ደረሰለት።”

በአማርኛ ካለው በኋላ አማርኛ ለማይሰሙት በአገራችን ቋንቋ በኽምጣንጋ ሊደግመው ጀመረ። እጅዎ የተነሣው ያን ጊዜ ነው። በኋላም የኽምጣንጋው ምን ማለት እንደሆነ የሚተረጉም ሰው ቢፈልጉ፣ ከዚያ ሁሉ የአገሬው ሰው መካከል ኽምጣንጋ የሚያውቅ አንድም ሰው ማጣትዎ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

አሁን አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ሥራው ምስጋና ይድረስዎ። አያ ይግዛውን “ሕዝብ አንቃልን” ብለው ወደ ኪነት ቡድኑ ያስገቡት እርስዎ ነዎት። እኔም በመሠረተ ትምህርት አስተማሪነቴ ከቡድኑ ጋር በየገጠሩ ስለዞርኩ አነቃቁን በዓይኔ አይቻለሁ። ደሃና ወረዳ ላይ ሴት ልጁን ወደ ትምህርት የሚልክ ሰው ጠፍቶ ሰሌዳዬን ታቅፌ ብቻዬን በምቀመጥበት ጊዜ፣ እሱ ማንንም አልሰደበም፣ ማንንም አላስፈራራም። አንድ ሠርግ ላይ ተነሥቶ ልጁን የላከውን አንዱን ሰው፣ ወርቅአገኘሁን፣ ደብዳቤውን ይዞ አንባቢ ፍለጋ ደጅ የማይጠና አባት ብሎ አወደሰው። የሌሎቹን አባቶች ስም ዝም ብሎ አለፈ። በእኛ አገር ከስድብ ይልቅ በሙገሳ መካከል ስምን መዘለል ያማል። በሳምንቱ የመማሪያ ዳሳችን ልጃገረዶቹን አልችል አለ። እርስዎም በየበዓሉ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ስምዎ እስኪነሣ ምን ያህል እንደጠበቁ አይቻለሁና፣ ሕመሙን አልነግርዎትም።

ሁለተኛ፣ ስለ ምርመራው። “ስንኙን የሰጠው ሰው ማነው?” ብለው በስብሰባ ሲጠይቁ እጄን አወጣሁ፤ የሰጠሁት እኔ ነበርኩና። ሳቁ። “ቁጭ በይ እቱ፣ ይህ የወንድ አፍ ነው” አሉኝ፤ አዳራሹም እርስዎ ስለሳቁ ሳቀ። እንደገና ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ቃሌን እንዲቀበሉኝ ብለምን፣ ወደ አባቴ ሱቅ ሄጄ ጨው እንድሰፍር መከሩኝ። ማንም ሴት ልጅ ያን ስንኝ ልትገጥም አትችልም ብለው ስለወሰኑ፣ እኔ ነፃ ሆንኩ፤ አያ ይግዛው ታሰረ። ከዚያም “ለጤናዬ ሲባል” ከአስተማሪነቴ አሰናበቱኝ። ስለ ጤናዬ ማሰብዎን ሰምታ እናቴ መርቃዎታለች፤ ምርቃቱን ግን እዚህ መጻፍ አልችልም።

ቢሮዎ በመጣሁበት ቀን የአያ ይግዛውን ማሲንቆ ከጠረጴዛዎ በላይ፣ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አየሁት። ከሥሩ “የባህል ዕቃ” የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ስወጣ በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ማሲንቆው በግድግዳው ላይ ጮኸ። ጭራው እንደተወጠረ ነበርና በሩ በተዘጋ ቁጥር መጮኹ አይቀርም። እርስዎም ቀና አሉ፣ እኔም ዞርኩ፣ ተያየን። ኋላ ጭራው እንዲበጠስ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ከተበጠሰ ወዲህ ጸጥ ብሎልዎት ከሆነ ያሳውቁኝ፤ እኔ ዘንድ ጸጥ አላለም።

ሦስተኛ፣ ስለ እህሉ። ስንኙ ከተዘፈነ ሳምንት ሳይሞላ ሴቶች ስንኙን እያሉ በመጋዘኑ በር ተቀመጡ፤ ለበዓሉ እንግዶች ተብሎ ተቆልፎ የነበረው እህልም ተከፈተ፤ ከጽጽቃና ከኒሯቅ በእግር የመጣው ሰው ሁሉ ሰፍሮ ወሰደ። በበዓሉ መድረክ ላይ ይህ የሆነው “በተጠና ዕቅድ” መሆኑን ሲያነቡ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ዕቅዱን በማሲንቆ ያነበበልንን ሰው መፍታት ብቻ ነው የቀረዎት።

የሚከተለውን ግን አራተኛ ብዬ ልቆጥረው አልቻልኩም። የአያ ይግዛው ባለቤት እትዬ ጥሩሐረግ በየማለዳው ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ ትሄድ ነበር። ዘበኛው ይቀበላታል፤ ባዶውን አገልግል ይመልስላታል፤ አገልግሉ ባዶ ከሆነ ሰውየው በልቷል ማለት ነው ብላ ትመለሳለች። አንድ ቀን አገልግሉን ሳይከፍት መለሰላትና “ከእንግዲህ አታምጪ” አላት። ሌላ ቃል የለም። ይህ ቃል በዘመናችን ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ጮክ ብሎ የሚለው ግን የለም። ስለዚህ እትዬ ጥሩሐረግ ከል አልለበሰችም፤ ሬሳ የለማ። ለቀስተኛ አልመጣላትም፤ ሞተ ያላት የለማ። ዛሬም ማለዳ ስንቁን ቋጥራ ትወጣለች፤ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ይዛው ትመለሳለች። ማታ እሷም ልጆቿም ያን ስንቅ አይነኩትም።

በበዓሉ ቀን የኪነት ቡድኑ እንዲዘፍን አዘዙ። ዘፈናችን በአውጪና በተቀባይ የሚዘፈን ነው፤ አውጪው እሱ ነበር። ሌላ አውጪ መደቡ፤ ሰውየው አፉን ከፍቶ ድምፅ አልወጣው አለ። ተቀባዮቹ ግን ተራቸውን ጠብቀው ተቀበሉ። አውጪው ዝም፣ ተቀባዮቹ ዜማ፤ አውጪው ዝም፣ ተቀባዮቹ ዜማ፤ እስከ መጨረሻው እንዲያ ዘለቁ። እርስዎ “ምን ዓይነት አዲስ አዘፋፈን ነው?” ብለው ጎንዎ ያለውን ሰው ሲጠይቁ ፊትዎ አመድ መስሎ ነበር። አዲስ አይደለም፣ ጓድ። የእሱን ቦታ እሱ እስኪመጣ ለማንም አንሰጥም ማለት ነው። በሾላው ሥር የሚቀመጥበት ድንጋይም እንዲሁ ባዶ ነው፤ ገበያው ቢጠብም የሚቀመጥበት የለም።

እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ የማልቀበለውን ልንገርዎ። እኔ በሰጠሁት ቃል ሌላ ሰው እንዲጠየቅ አልቀበልም። ሴት ነሽና አላልሽውም መባልን አልቀበልም። እትዬ ጥሩሐረግ ሚስት ትሁን መበለት ሳታውቅ ሌላ ማለዳ እንዲነጋባት አልቀበልም።

በታላቅ አክብሮት፣ ሲፈልጉኝ እንዳይቸገሩም ከሙሉ ስሜ ጋር፣

ሰይዳ ኢድሪስ
የቀድሞ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ፤ የዛሬ ጨው ሰፋሪ

ግልባጭ፦
ለሾላው ግንድ፤
ለመስጊዱና ለቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፤
ለመጋዘኑ በር።

ማሳሰቢያ፦ አባቴ ስለዚህ ደብዳቤ አያውቅም። እርስዎ ግን ልማዳችንን አሁን ስላወቁ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ለበላዮችዎ ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ የሚያደርሱት አንድ ስንኝ ልስጥዎ። ጓድ ኃላፊ፣ ይቀበሉ፤

“ስንቁ ተመለሰ፣ ሰውየው የታለ፤
ሞተ በሉን በቃ፣ ወይም በሉን አለ።”

ማን ሰጠህ ብለው ቢቆጡዎ ስሜን ይንገሯቸው። በእኛ አገር ተቀባይ አይታሰርም።