ከሐሙሱ ደብዳቤ በፊት

ናቡል፣ ሰኞ ጠዋት
አበባው በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ በእርጋታው ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት

ለልጄ ለማራም፤

እዚህ ቦታ ላይ «የምናፍቅሽ» ተብሎ ይጻፋል። አልጻፍኩትም። ምክንያቱን ታች እደርስበታለሁ።

እንዴት ከርመሻል? አክስትሽ ዘክያስ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ሁሉም ሰው ደህና ነው።

ይህን የሚሰጥሽን ሰው አባትሽ ያውቀው ነበር። ሰርዲን አጥማጅ ነው። ባሕር ላይ ማንኪያውን የሚያይበት ጎረቤት ስለሌለ የማታ ድርሻውን ወደ ውኃው ይደፋል። ፊቱን ስታዪው እንዳልጠጣ ታውቂያለሽ። ስሙን አልጽፍም።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር፤ ገበያ ላይም የማደርገው እንደዚህ ነው። ሐሙስ ዕለት ሌላ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ። የምጽፈው እርጋታ ቢሮ ተቀምጬ፣ ሹሙ ሲ ሙንጂ ቃል በቃል እየነገረኝ ነው። ጽሕፈቱ የእኔ ነው፣ ፊርማውም የእኔ። «ነይ» ይላል። አትምጪ።

ነገሩ የመጣው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሲ ሙንጂ የአበባ ውኃ የምሸጥበት ሱቅ ገባ። በየዓመቱ የነጭ ዱቄቱን ቆርቆሮ ይዞ እንደሚመጣው መስሎኝ ነበር። ቆርቆሮውንም ይዟል። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና ላቡን ጠረገ።

«ላላ ሳሉሐ፣ ዘንድሮ አበባው እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ዝናቡ ቀደም ብሎ ቆመልን።»

«ልጅሽስ?»

«ከባሕር ማዶ፣ ማዛራ ናት። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። የመጣሁትም ለሱ ነው። ደብዳቤ እንጻፍላት።»

«ምን ብለን?»

«እናት የምትጽፈውን ነዋ! ናፈቅሽኝ፣ ቤቱ ጭር አለብኝ፣ አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው... እንዲህ እንዲህ ያለውን።»

«አልጋዋን ሸጬዋለሁ።»

«ሸጥሽው?»

«ቦታ ይዞብኝ ነበር።»

ትንሽ አሰበና «እሱን አንጽፍም» አለ።

«ብትመጣስ ምን ታደርጓታላችሁ?»

«ምን እናደርጋታለን? አንድ ትልቅ ማንኪያ ትጠጣለች፤ ከዚያ እንደ ሁላችን ትሆናለች። እኛ ምን ሆንን?»

ክፉ ሰው አይደለም። ልጅ ሳለሽ የሰሊጥ ከረሜላ ያመጣልሽ የነበረው እሱ ነው፤ አሁንም ቢሆን በቅን ልብ የሚናገር ይመስለኛል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንድመጣ ቀጠረኝ።

የልብስ ሰፊውን ልጅ ፋድዋን ታስታውሻታለሽ። ባለፈው ክረምት እናቷ በጻፈችላት ደብዳቤ ተመልሳ ትልቁን ማንኪያ ጠጣች። አሁን ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ላይ ትቀመጣለች። ሲያጎርሷት «ዋጪ» ካልተባለች አትውጥም። እናቷ «ዋጪ» የምትላት፣ ሰዓት ለጠየቃት ሰው እንደምትመልስ ዓይነት ነው። በየቀኑ ወደ ሱቅ ስሄድ በፊታቸው አልፋለሁ።

ስለ ዱቄቱ የማታውቂውን ልንገርሽ። እርጋታው ሲጀመር አምስት ዓመትሽ ነበር። መጀመሪያ ያስገደደን ሰው አልነበረም። የተኩሱ ክረምት ገና ማለፉ ነው፤ መተኛት ብቻ ነበር የምንፈልገው። ዱቄቱን ከአበባ ውኃ ጋር ያዋሐዱት የአበባ ውኃ የሌለበት ቤት ስለሌለ ነው። ጀንበር ስትጠልቅ ሁሉም ስሙ የተጻፈበትን ትንሽ ጠርሙስ ይዞ ደጃፉ ላይ ይወጣል፣ «አንድ ልብ፣ አንድ ሰላም» ብሎ አንድ ማንኪያ ይጠጣል። ከዓመት በኋላ ጎረቤት የጎረቤቱን ማንኪያ ማየት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ አስገዳጅ አላስፈለገም።

የመንደራችንን ድርሻ የቀላቀልኩት እኔ ነኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በዚህ እጄ፣ በእንጨት ማማሰያ። አልቀላቅልም ብል ፈቃዴን ለሌላ ይሰጡት ነበር፤ ያኔ ያሰብኩት ይህንን ብቻ ነው። ይቅርታ ልጠይቅሽ ጀምሬ ተውኩት። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው የሆነ ነገር ሊሰማው ይገባል። ለጊዜው እውነቱን ብቻ ያዢልኝ።

አንድ ነገር ግን ሳላስበው ሳልቀላቅል ቀረሁ። ከተወለድሽበት ዓመት ጀምሮ፣ በየዓመቱ ከአበባ ማንጠሪያው አፍ የሚወርደውን የመጀመሪያ ውኃ በሣር በተጠለፈ ጠርሙስ ቀድቼ፣ አንገቱን በነጭ ጥብጣብ አስሬ፣ ለሠርግሽ ጨለማው ቁም ሳጥን ውስጥ አኖር ነበር። እናቴም ለእኔ ያደረገችው ይህንኑ ነው። እጄ ስለለመደው አደረገው እንጂ እኔ አላሰብኩትም። ሲ ሙንጂ የሱቁን ጠርሙስ አንድ በአንድ ሲቆጥር እነዚያን ቆጥሮ አያውቅም። እሱም የዚህ ከተማ ልጅ ነው፤ የሴት ልጅ የሠርግ ጠርሙስ ማን ይቆጥራል? ከሌላ አገር የመጣ ሹም ቢሆን ኖሮ ቆጥሮ ይደርስብን ነበር።

አንቺም የማታ ጠርሙስሽ ሲሰበር እንዳልቆጣሽ ብለሽ አዲሱን ዱቄት ከሌለበት ከሠርግሽ ጠርሙስ ሞላሽ። በዘጠነኛው ቀን ነቃሁ ብለሽኛል። እኔ የጠረጠርኩት ግን ዓሣ ገበያ በሄድንበት ቀን ነው። ማስታወሻዬ ላይ እንዳለ አለ፤ «የአየር ጠባይ መጽሐፍ» እያልሽ የምትስቂበት ማስታወሻዬ ላይ።

«ይሄ ስንት ነው?» አልሽው ዓሣ ሻጩን።

«ዐሥራ ሁለት ዲናር።»

«ዐሥራ ሁለት? ከነጀልባው ነው?»

ሰውየው ቢላዋውን እንደያዘ ቀረ። ገበያችን ውስጥ ዋጋ የተከራከረ ሰው ከጠፋ ዓመታት አልፈውታል፤ የተባለው ይከፈላል፣ ሰው ይሄዳል። አንቺ ግን አልተውሽውም።

«ዓይኑን እየው እስቲ፤ ከእኔ በፊት ያንቀላፋ ዓሣ ነው። ስምንት!»

«እ... ዐሥር» አለ። ከንፈሩ በአንድ በኩል ከፍ አለ። ከዚያ ደነገጠና ዙሪያውን አየ። እኔ ዐሥራ ሁለት ዲናር ከፍዬ ክንድሽን ይዤ ወጣሁ። መንገድ ላይ «እማ፣ አንቺ እኮ በዚህ ከተማ አንደኛ ተከራካሪ ነበርሽ፤ አባባ ነግሮኛል» አልሽኝ። ልክ ነው። ነበርኩ። የዚያን ቀን ገጽ ላይ ያለው እንዲህ ይላል፦ «ማራም አልጠጣችም። ለማንም አልናገርም። ንፋሱ ከሰሜን።»

የአባትሽን ነገር መጻፍ አለብኝ። ጀልባው የተገለበጠ ዕለት አስከሬኑን ሲያመጡት ሰው ሁሉ መጣ። ኩስኩሱ ተበላ። የሚገባው ሁሉ ተባለ። ከደጃፍ እስከ መቃብር ያለቀስሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰዎች አንቺን የሚያዩሽ የሚጮኽ በር እንደሚታይ ነበር። ሲ ሙንጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ላላ ሳሉሐ፣ ልጅቷን አሟታል። ነገ ቢሮ ይዘሻት ነይ» አለኝ። እሺ አልኩት። በነጋታው ማለዳ ወደ ማዛራ በጀልባ አሳፈርኩሽ።

ጀልባው ላይ ሆነሽ «ለምንድነው የምታሳፍሪኝ? ምንም አይሰማሽም አይደል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱ ያኔ ስሌት ነበር፦ ፋድዋን አይቻለሁ፤ ሁለተኛ ፋድዋ አልፈልግም። ከዚያ የተሻለ መልስ ቢኖረኝ እሰጥሽ ነበር።

ከሄድሽ በኋላ ቤቱን ፈተሹ። ቁም ሳጥኑን ሰብረው ጠርሙሶቹን በሙሉ ወሰዱ። እኔም ሁሉንም የወሰዱ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ወር ለአበባው ላዘጋጅ የመዳብ ማንጠሪያውን ስከፍት፣ ሆዱ ውስጥ አንድ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ጥብጣቡ ላይ «ለእማ» ብለሽ ጽፈሻል። የተወለድሽበት ዓመት ጠርሙስ ነው።

አልከፈትኩትም። ለምን እንዳልከፈትኩት ስትጠይቂ ይሰማኛል። በመጀመሪያ ፈርቼ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ግን ፍርሃትም አልነበረም። አሰብኩበት። እዚያ ውስጥ አባትሽ አልተቀበረም። እኔ ገና አልቀበርኩትም። አንቺም እዚያ ውስጥ ገና ወደቡ ላይ ነሽ። ከጠጣሁ በዘጠነኛው ቀን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይመጣል።

ያም ሆኖ ባለፈው ቅዳሜ፣ ሲ ሙንጂ ከሱቅ እንደወጣ፣ ልከፍተው ጥብጣቡን ፈትቼ ነበር። ከዚያ ሐሙስን አሰብኩና መልሼ አሰርኩት። ነገሩ እንዲህ ነው፤ በደንብ አንብቢው። እስከ ሐሙስ ዘጠኙ ቀን ባይሞላም፣ አሁን ከጠጣሁ ናፍቆትሽ ቀድሞ ሊጀምረኝ ይችላል። ልጇ የናፈቀቻት ሴት ቢሮ ገብታ «ነይ» ብላ ስትጽፍ ቃሉን ሙንጂ ቢያቀብላትም ከልቧ ትጽፈዋለች። አንቺ ደግሞ ታውቂያለሽ። ልጅ ሳለሽ ዱቄት በነካው እጄና ባልነካው እጄ ፊትሽን ስዳብስሽ ለይተሽ ታውቂ ነበር፤ ደብዳቤዬንም ታውቂዋለሽ፣ ትመጫለሽም። ስለዚህ እስከ ሐሙስ ድረስ በየማታው ደጃፌ ላይ ቆሜ ማንኪያዬን እጠጣለሁ። ትናንት እንዲያውም ሁለት ጠጣሁ። ደብዳቤው እንደ ደረቅ ዳቦ ሆኖ እንዲደርስሽ እፈልጋለሁ። ስታነቢው ምንም እንዳይነካሽ።

ሐሙስ ማታ ጠርሙሱን እከፍታለሁ።

አትጨነቂ፤ አስቤበታለሁ። በአበባ ወቅት የሚያነጥር ሰው ዓይኑ ከእንፋሎቱ የተነሳ ቀልቶ ነው የሚውለው፤ ማንም አይጠይቅም። አበባው ግን ከሐሙስ ወዲያ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ብቻ ይቀረዋል። ለመንቃት ዘጠኝ ቀን ካወጣሁለት ዐሥራ ሁለት ቀን ይተርፈኛል። ለአባትሽ ለቅሶ ይበቃ እንደሆነ አላውቅም። ሲ ሙንጂ ያመጣውን ቆርቆሮም ገና አልከፈትኩትም። ስለ እሱ የምትነቃዋ ሴት ትወስን። እሷን ካየኋት ቆይቻለሁ፤ ድሮ ግን ደፋር ነበረች።

ከዚህ በኋላ ደብዳቤ ቢመጣሽ፣ በእኔ እጅ የተጻፈ ቢሆንም፣ ወይ ሙንጂ ያስጻፈው ነው ወይ ልጇ የናፈቀቻት ሴት የጻፈችው ነው። ሁለቱም «ነይ» ይላሉ። ሁለተኛው ቢያስለቅስሽም አትምጪ። ታመምኩ ብልሽ አትምጪ። ልሞት ነው ብልሽም አትምጪ። ለሁልጊዜ የምትይዢው የእኔ ቃል ይህ ነው፤ ምንም ሳይሰማኝ፣ አእምሮዬ ንጹሕ ሆኖ፣ በጠዋት የጻፍኩት።

«የምናፍቅሽ» ያላልኩበትን ምክንያት አሁን አወቅሽው። ያልተሰማኝን አልጽፍም፤ ሐሙስ ለሙንጂ የምጽፈው ይበቃል። ከማስታወሻዬ አንድ ገጽ ግን ቀድጄ አያይዤልሻለሁ። ከዚያ ደብተር ገጽ ስቀድ የመጀመሪያዬ ነው። የሄድሽበት ዕለት ገጽ ነው። ጽሕፈቴን ታውቂዋለሽ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ከመስመር ወጥቼ አላውቅም። የዚያን ዕለቱን ተመልከቺው። «ማራም ሄደች። ባሕሩ ጸጥ ያለ ነው። ንፋሱ ከምሥራቅ። እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ምክንያቱን አላውቅም።» ፊደሎቹ ገጹን አቋርጠው ወርደዋል።

ምክንያቱን ከሐሙስ በኋላ የማውቀው ይመስለኛል። ያኔ አልጽፍልሽም።

ለአክስትሽ ሰላምታዬን አድርሺ። በደንብ ብዪ። ዓሣ ስትገዢ ተከራከሪ።

አላህ ይጠብቅሽ። በአንቺና በእኔ መካከል ያለውንም ባሕር ሰፊ ያድርገው።

እናትሽ
ሳሉሐ